ዝም ብሎ መውጣት

ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዛሬም ወጣሁ። አንተ ደብተር፣ ወዳጅ መስለህ አትቅረበኝ፤ ከሆስፒታል የታዘዝክ መራራ ክኒን ነህ። ቁጣዬ በተነሣ ቁጥር ምን እንደቀሰቀሰው እንድጽፍብህ፣ ከመጮኼም በፊት ከቤት ወጥቼ ደረቴ እስኪረጋ እንድራመድ ያዘዘችኝ፣ ዕድሜዋ ከጡረታ ዘመኔ እምብዛም የማይበልጠው ነርስ ሲ/ር ታደለች ናት።

ቀስቃሽ፦ ባለቤቴ ማርታ የንባብ ወንበሬን ለጸሎት ጓደኞቿ ሰጠች። የጂንካን ልጆች በቋንቋ ኮትኩቶ ያሳደገ መምህር በገዛ ሳሎኑ በርጩማ ላይ። አፌን ዘግቼ ወጣሁ። ዛሬ የከብት መሰማሪያ የሆነውን አሮጌውን አውሮፕላን ማረፊያ ከላሞቹ ጋር ዞርኩ። ረጋሁ። ማርታ ግን እራት ላይ ቀና ብላ አላየችኝም።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ቀስቃሽ፦ የጎረቤት ፍየል ጎመኔን ጨረሰች፤ ማርታ ሳቀች። ወጣሁ፣ ዞርኩ፣ ለዝቤ ተመለስኩ። የቤ/ክ ሽማግሌያቸው አቶ ጴጥሮስ በዚያው ወንበሬ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። ማርታ ታለቅሳለች።

ቆይቶ ገባኝ። በአባቷ ቤት፣ ኣሪ ገጠር፣ ከጠብ መካከል ቃል ሳይተነፍስ የሚወጣ ባል ትዳሩን እንደጨረሰ ይቆጠራል፤ አክስቷ የተፈታችው እንዲህ ነው።

"የሚጮኸውን ባሌን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ዝም ብሎ የሚወጣውን አላውቀውም" አለችኝ።

ማስረዳት ነበረብኝ። አቶ ጴጥሮስ ግን ቀድሞኝ ስለ ትዕግሥት መስበክ ጀመረ፤ እኔም ጎመኔን የበላችው ፍየል ከእሱ ይልቅ አስተዋይ መሆኗን፣ ድምፄ ገበያ እስኪደርስ ነገርኩት። የወረወርኩት ብርጭቆ ግድግዳ ላይ አረፈ። ማርታ ልብሷን እንኳ ሳትይዝ ካኮ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች።

ዓርብ፣ ረፋድ

ማርታ ከካኮ መልእክት ልካለች፦ ነገ ለገበያ ስትመጣ ልብሷን ትወስዳለች።

ሆስፒታል ሄጄ ሲ/ር ታደለች ላይ ጮኽኩባት። አልተከላከለችም። ከመውጣቴ በፊት መናገር እንዳለብኝ ሳትነግረኝ መቅረቷን፣ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን አመነች። ማመኗ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ ባዶ ወንበር አምጥታ፣ ማርታ ናት ብላ፣ "ተቆጥቻለሁ፤ ወጥቼ እመለሳለሁ" እንድል አዘዘችኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ የሚያስፈቅድ ተማሪ መሰልኩ።

"አባባ፣ እንደገና።"

አባቷ እንዳልሆንኩ ነገርኳት።

"እንግዲያው መምህር፣ እንደገና።"

ለእንጨት ተናገርኩ። ደጋግሜ። ወንበሩን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ማረፊያው ሜዳ ላይ

መጣች። አቶ ጴጥሮስ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ተከትሏታል፤ እሷ ቀሚሶቿን ስታጥፍ የማዳበሪያውን አፍ ከፍቶ ቆመ። ደሜ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። ሰውየው በመኝታ ቤቱ ጠባብ መስኮት ከነማዳበሪያው ሊወጣ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ፣ ትከሻውን በዓይኔ እየለካሁ፣ ካሰላሰልኩ በኋላ፣ ለወንበሩ የተናገርኩትን ተናገርኩ።

ማርታ ማጠፏን ተወች። "መቼ?"

ይህን ሲ/ር ታደለች አላለማመደችኝም።

"ፀሐይ ሳትጠልቅ" አልኩ።

የያዘችውን ቀሚስ ማዳበሪያው ውስጥ አልከተተችም። ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

አሁን እዚህ ነኝ። አቶ ጴጥሮስን እጠላዋለሁ፤ ሲ/ር ታደለችንም፤ አንተንም። ደረቴ አልረጋም፤ ዛሬ የሚረጋም አይመስለኝም። ጥላዬ ከላሞቹ ጥላ ጋር ረዝሟል። ሳልረጋም ቢሆን እመለሳለሁ። ተነሣሁ፤ የቀረውን ቤት ገብቼ እጽፍብሃለሁ።