ስለ እርቁ ነገር፣ አባባ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባባ መንገሻ፤

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ እማማ አበዛሽስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እኔና ኤፍራታ ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ አራተኛ ክፍል ገብታለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ስቆጣት ግን በአማርኛ ይቅርታ ማለት ታውቅበታለች፣ ተንኮለኛ!

«ዓይኔን ሳልከድን አንቺንና ባልሽን አክሊልን በአንድ ጣራ ሥር ልያችሁ» ብለው ጽፈውልኛል። መልሱን ከመጻፌ በፊት ግን ሳላመሰግንዎት የቀረሁትን ላመስግንዎት።

ባለፈው ዓመት እዚህ ያሉት ያገራችን ሰው ጋሽ ክፍሌ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስታርቁን ቤቴ ሲመጡ፣ ፊቴ ገና እንዳበጠ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጉልበት ስሜ ታርቄያለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ወደ እርስዎ ደውለው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው፣ «አባታችን፣ እዚህ አገር ፖሊስ ከገባበት ኬዙ ይከብዳል። ልጅቷ ቻርጁን ድሮፕ እንድታደርግ፣ ክሷን እንድትተው፣ አንድ ቃል ይበሉልን» አሉዎት። እኔ «ቻይው ልጄ» ሊሉኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። እርስዎ ግን፣ «ለምን መታሃት ብላችሁ ጠይቃችሁታል?» አሉ። ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ። «እንግዲያው ልጄን ተዉልኝ። ልጄ እሷ ናት» ብለው ዘጉት። ጋሽ ክፍሌ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። የአብራክዎን ክፋይ ትተው እኔን ምራትዎን «ልጄ» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል።

በየቅዳሜው የምሄድበት ቦታ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ጸሎት ቤት ብለው ጠይቀውኛል። ሁለቱንም ይመስላል። ባዩሽ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት የወሰደችኝ። ከዊተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አዳራሽ ሩት የሚባሉ ትልቅ ሴት ስብሰባውን ይመሩታል። የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ልጅ ናቸው፤ ነጭ ሳይመጣ መሬቱ የወገኖቻቸው ነበር። እኛ እማማ ሩት እንላቸዋለን። እንደ ወገናቸው ልማድ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አንድ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የያዘው ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። አባባ፣ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ተራዬ ሲደርስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ አሳለፍኩት! የኛ ሰው ሌላ ምን ይላል? ባዩሽ ተናዳ፣ «አንቺ፣ ሼር አድርጊ፣ የሆድሽን አውጪ እኮ ነው የተባልሽው፤ ሰላምታ መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። እማማ ሩት ግን አልተቆጡኝም። በስድስተኛው ቅዳሜ ድንጋዩን እንደያዝኩ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ፤ አልቅሼ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

እማማ ሩት «የተጎዳው ቤቱ ሁሉ ስለሆነ ቤቱን ሁሉ አምጡልኝ» ይላሉ። ልጆቹ ለብቻቸው ሥዕል ይሥላሉ፣ ከበሮ ይመታሉ። ወንዶቹን ደግሞ የእማማ ሩት ወንድም ይይዟቸዋል። አክሊል መጀመሪያ የገባው ዳኛ አዝዞት ነው። ትእዛዙ ካለቀ ስምንት ወር ሆኖታል፤ አሁንም በየቅዳሜው ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ይመጣል። ለእኔ ታይታ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቦች አብረን ተቀመጥን። ድንጋዩ እሱ ጋ ሲደርስ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ እናንተ ቤት ይደበቅበት ስለነበረው ጎተራ ተናገረ። ጩኸቱ እስኪያልቅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር። የማን ጩኸት እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ እርስዎንም አልጠይቅዎትም። ያን ቀን በስልክ ያሉት «ለምን መታሃት» የሚል ቃል ከየት እንደመጣ ግን አሁን ገባኝ። ምስጋናዬ ቢበዛ እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ መልሴን ልጻፍ። አክሊልን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ኤፍራታም አባቷን እንደልቧ ታያለች። አብሬው ግን አልኖርም። ይህን ለእርስዎ መጻፍ እንዴት እንደከበደኝ እግዚአብሔር ያውቃል። «ልጄ» ላሉኝ አባት መዋሸት አልቻልኩም።

ዓይንዎን ሳይከድኑ እርቅ ማየት ከፈለጉ፣ አባባ፣ እማማ አበዛሽ አሁንም ከጎንዎ ናቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ሰላም ለሁለታችሁም ያድልልኝ።

ልጅዎ ይርጋለም