በቫሌንሳ ጣቢያ የተረፈችን አንድ ሰዓት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት መምህርቴ፣

እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ሲወጡ ያስቸግርዎት የነበረው ጉልበትዎ በሉጎ ብርድ እንዳልባሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ልጅዎና ባለቤቱስ ደኅና ናቸው? እኔና ዶሲንዳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ከተማችን ቪጎም እንደተዉዋት ናት፤ የወደቡ ነፋስም የዓሣው ሽታም አልቀነሰም።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ጥቂት ጥቂት መስመር እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ፣ እንደገና እየገለበጥኩ እዚህ ደረስኩ። ስሕተት ካገኙ በቀይ ያስምሩበት፤ ብቻ መልሰው አይላኩልኝ።

ልነግርዎት የፈለግሁት ነሐሴ ላይ ስለሄድነው የባቡር ጉዞ ነው። እርስዎ ወደ ልጅዎ የሄዱት በሰኔ ስለሆነ ምንም አልሰሙም።

ዶሲንዳ የሰርዲን ፋብሪካ ስትሠራ አጠገቧ የምትቆም ከፖርቱጋል፣ ከቪያና ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ እያጸዳች ስለ አገሯ የነሐሴ በዓል አወራቻት። ሴቶቹ ደረታቸው እስኪሸፈን ወርቅ ደርድረው በከበሮ እንዴት እንደሚወጡ እየነገረች ሚስቴን አስጎመጀቻት። ቪያና እኮ ሩቅ አይደለችም፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። ነገር ግን እኛ ከቤት የምንወጣው በወንድሟ በአማንሲዮ መኪና ብቻ ነበር። መንገዱን የሚያውቀው እሱ፣ የመንገድ ሰሌዳውን የሚያነበው እሱ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ብርቱካን መላጥ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሙ ለዓይኑ ሲል መንዳት ከለከለው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳላስበው፣ "በባቡር እወስድሻለሁ፤ እኔ ራሴ አቅደዋለሁ" አልኳት።

አማንሲዮ የጠጣው ወይን ትን አለው። "አንተ? ከቤት ወደብ፣ ከወደብ ቤት ስትል አርጅተህ ድንበር ልታሻግራት? ቪያና ነው ብለህ ማድሪድ እንዳታወርዳት!" ብሎ ሳቀብኝ።

ዶሲንዳ ግን አልሳቀችም። "መቼ ነው የምንሄደው?" ብቻ ነው ያለችኝ።

መምህርቴ፣ ለእርስዎም ያልነገርኩዎት ነገር አለና ልናዘዝ። ያ ሁልጊዜ ቤት የምረሳው መነፅሬ ተራ መስታወት ነበር። በሃያ ስምንት ዓመቴ የገዛሁት ላደርገው ሳይሆን ልረሳው ነው። ሰው ወረቀት በሰጠኝ ቁጥር ኪሴን ዳብሼ፣ "ውይ፣ መነፅሬን!" እላለሁ፤ ሌላው ያነብልኛል። ወደብ ላይ ጀልባዎቹን በቀለማቸው፣ የዓሣ ሳጥኖቹን በምልክታቸው እለያቸው ነበር። የሠርጋችን ቀን መዝገቡ ላይ የፈረምኩትም ስሜን ጽፌ አይደለም፤ ሳጠናው የከረምኩትን ሥዕል ነው የሣልኩት።

እርስዎ ወደብ ድረስ መጥተው፣ ስሜን ጠርተው፣ "ለደብሩ አዳራሽ ወንበር የሚያነሳልኝ ጉልበተኛ ሰው እፈልጋለሁ" ያሉኝ ቀን፣ ወንበር ሊያነሳ የሄደው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀረ። ለዶሲንዳ ማክሰኞና ሐሙስ ዶሚኖ ልጫወት ነው የምሄደው እላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ፣ "ማን አሸነፈ?" ብላኝ አታውቅም።

እናም ከጣቢያ የሁለቱን አገር የባቡር ሰዓት ወረቀት አመጣሁና ሦስት ሳምንት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አፈጠጥኩበት። በቀጥታ ቪያና የሚያደርስ ባቡር አለ። ዶሲንዳ ግን የወንዙን ድልድይ በእግሯ መሻገር ፈለገች። ስለዚህ እስከ ቱይ በእኛ ባቡር፣ ከቱይ በብረቱ ድልድይ ላይ በእግር ወደ ቫሌንሳ፣ እዚያ ምሳ፣ ከዚያ በፖርቱጋሎቹ ባቡር ቪያና። ወረቀቱ ላይ ከአንዱ ባቡር ሰዓት አጠገብ አንዲት ትንሽ ፊደል ነበረች። ድሮ ቢሆን የዝንብ ኩስ ናት ብዬ አልፋታለሁ። አሁን ግን ግርጌ ድረስ ወርጄ ፈለግኋት። "ቅዳሜ አይሄድም" ትላለች። እኔ ደግሞ ያቀድኩት ለቅዳሜ! ወደ ዓርብ አዞርኩት። ያን ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዓርብ ጠዋት ወጣን። ሁሉም ነገር እንደ ጻፍኩት ሆነ። ቱይ በደቂቃዋ ደረስን። ዶሲንዳ ድልድዩ መሐል ላይ ቆማ፣ አንድ እግሯን ወዲህ አንድ እግሯን ወዲያ አድርጋ፣ "አሁን የየት አገር ሰው ነኝ?" ትለኛለች። "ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ሚስት ነሽ፤ ነይ!" አልኳት።

ቫሌንሳ ውስጥ ገና የጨው ዓሣና ድንቹ እንደ ቀረበልን ሰዓቴን ሳይ ሃያ ደቂቃ ቀርቶናል።

"ቶሎ ቶሎ ብዪ" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ አጥንት አለው እኮ! ልታንቀኝ ነው?"

አፏ ሙሉ እንደሆነ አስነሳኋት። ሻንጣውን ተሸክሜ፣ እሷ ጫማዋን እየረገመች፣ እየሮጥን ጣቢያው ደረስን። ሰው የለም። አንድ የጣቢያው ሠራተኛ ብቻ ደጃፉን ይጠርጋል።

"የቪያናው ባቡር ሄደ?" አልኩት እያለከለክሁ።

"ወዴት ይሄዳል አባባ? ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል" አለኝና በመጥረጊያው እጀታ የግድግዳውን ሰዓት አሳየኝ። "ድልድዩን ስትሻገሩ ሰዓታችሁን ወደኋላ አላደረጋችሁም መሰለኝ። የእናንተ ሰዓት ከእኛ በአንድ ይቀድማል። በበጋ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰው ሳያኝክ ይመጣብኛል።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት ሳምንት ለፍቼ ሚስቴን በጓጓችለት በዓል ቀን ምሳዋን ነጠቅኋት። ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁት። ከታች፣ ከሁሉ ባነሱ ፊደላት የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ማተሚያ ቤቱን የሚመለከት መስሎኝ ያለፍኩት።

"ምን ይላል?" አለችኝ ዶሲንዳ።

እጄ በልማዱ ወደ ኪሴ ሄደ። ዶሲንዳ እጄን ያዘችው።

"መነፅሩን ተወው" አለችኝ። "አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። እንደ ሕፃን እየነጣጠልኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ በፖርቱጋል ያለው ሰዓት ሁሉ በአገሩ ሰዓት መሆኑን አነበብኩላት። ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላውቅም። ቀና ስል ዓይኗን ጨፍናለች።

"ድገምልኝ" አለችኝ።

ደገምኩላት። ሁለተኛው ተሻለኝ።

አርባ አንድ ዓመት ጋዜጣ ጮክ ብላ ስታነብ፣ "ለራሴ ብቻ ሳነብ እንቅልፍ ይጥለኛል" ትለኝ ነበር። የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሟች እናቴን መቃብር ጽሑፍ ሳይቀር ጮክ ብላ ነው የምታነበው። እኔም ልማዷ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። እዚያ አግዳሚ ላይ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ "ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ ተራው ያንተ ነው" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ጀልባ ብለህ ከጻፍክበት ቀን ወዲህ ብዙ ሄደሃል" አለች።

መምህርቴ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል "ጀልባ" መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዶሲንዳን አልጠየቅኋትም። እርስዎንም አልጠይቅዎትም። ያ አዳራሽ አሥራ አንድ ወንበሮች ነበሩት፤ በሁለት ዓመት አንዱንም እንዳነሳ አላዘዙኝም። ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቪያና ደረስን። ወርቁንም፣ ከበሮውንም፣ ዳንቴል ለብሰው የሚያልፉትን ሴቶችም አየን። ዶሲንዳ ስታለቅስ አንዲት የማናውቃት ሴት መጥታ አቀፈቻት። ያደርንበትን ቤት ስም ያነበብኩት እኔ ነኝ። የምግቡንም ዝርዝር እኔ ነኝ ያነበብኩላት፤ እሷ እጇን አጣምራ እንደ ንግሥት ታዘኝ ነበር። ስንመለስ አማንሲዮ ጣቢያ ጠብቆን፣ "ማድሪድ እንዴት ናት?" አለኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ብራጋ ለመሄድ ባስብ የቱ ባቡር ይሻለኛል?" ብሎ ወረቀት ይዞብኝ መጣ። መጀመሪያ ግርጌውን አነበብኩለት።

ፖስታው ላይ አድራሻዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዶሲንዳ፣ "ልይልህ" ብላኝ ነበር፤ አላሳየኋትም። በዕድሜዬ ለሰው የላክሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። እጅዎ ከገባ የቤትዎን በር በራሴ አግኝቼ አንኳኳሁ ማለት ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ያስተማሩበትን እጅ ይባርክልኝ፤ ልጅዎንና ቤቱን ይጠብቅልኝ። ዶሲንዳ ጉንጫቸውን ሳምልኝ ብላኛለች።

አክባሪዎ፣
አሮጌው ተማሪዎ