አንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት

ኅዳር 5፣ 1976። ጅማ
ዝናቡ ያበቃ ይመስላል። የቲጃኒን የመስክ ደብተር ስደምር ዋልኩ። የየቡ መንደር ቦይ ነው፤ ከምንጩ እስከ አዲሱ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ ስምንት መቶ ሜትር። ቀያሹ ቲጃኒ ከፍታውን ይለካል፣ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ አሰላለሁ። በሁለቱም ጫፍ ከፍታው የታወቀ ድንጋይ ተተክሏል። ሒሳቡ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ላይ መግጠም አለበት።
አልገጠመም። አንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት ጎደለ! ሦስቴ ደመርኩ... ያው ነው።

ኅዳር 6
አለቃችን ጓድ ዓምደሚካኤል ወረቀቱን በደንብ ሳያየው "ልዩነቱን ለተለኩት ነጥቦች ሁሉ አከፋፍይው" አለኝ። ጣት የምታህል ስሕተት ትከፋፈላለች። ደረቴ የሚደርስ ስሕተት ግን? በቲጃኒ ልኬት ጣቢያው ከምንጩ በአርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በድንጋዮቹ ቁጥር ግን ዝቅ ይላል። ካከፋፈልነው ወረቀት ላይ ውኃው ይወርዳል፤ መሬት ላይ ግን ዳገት ሊወጣ ነው?
"ምናልባት አንዱ ድንጋይ ተነቃንቆ ይሆናል፤ ሄደን እንይ" አልኩት።
"እናንተ ጴንጤዎች ክርክር ስትወዱ!" ሰው ሁሉ እየሰማ።

ኅዳር 11
አለቃዬ ራሱ አከፋፈለው። ከታች ምን ይላል? "ያሰላችው፦ አጸደ ኤርሲዶ።" የእኔ ስም! ሳልነካው!
ቲጃኒን ለምን ዝም ትላለህ አልኩት። "አምስት ልጆች አሉኝ፣ አጹዬ..." ደብተሩን አጥፎ ወጣ።

ኅዳር 20
ቁፋሮ ተጀመረ። በዘመቻ። ቡና በሚለቀምበት ወር ገበሬውን ሁሉ አስወጥተውታል። ቡናው መሬት እየረገፈ...

ኅዳር 24፣ እሑድ
ከቤት ጸሎቱ ቀርቼ የቡ ሄድኩ። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አባቦራን ቦዩ አፍ ላይ አገኘኋቸው። ስለ ምንጩ ድንጋይ ጠየቅኳቸው።
"እሱ? አምና መንገድ ሲጠርግ ግሬደሩ ገለበጠው። ከነበረበት ዝቅ አድርገው እዚህ መልሰው ተከሉት።"
"ለምን አልተናገሩም?"
"ማን ጠየቀኝ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"
ውኃው እንደማይሄድ ነገርኳቸው። "ትምያለሽ?" አሉኝ። አልምልም፣ እንለካ አልኩ።
ረዥም ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ እሳቸው ሌላውን እኔ ይዘን ተነሣን። በሁለቱም ጫፍ ውኃው እኩል ይቆማል፤ መሬቱ ዝቅ ይበል ከፍ ይበል ያጋልጠዋል። በዓይን እኮ ለጥ ያለ ሜዳ ነው! አርባ ጊዜ እያነሣን፣ እየጻፍኩ፣ ቆፋሪው ሁሉ እየተከተለን። አሥር ሰዓት ላይ ደረስን። ጣቢያው ከምንጩ በሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል።
አንዱ አካፋውን ወረወረ። አባቦራ "ወላሂ፣ ነገ የሚቆፍር የለም" አሉ።

ኅዳር 26
"የአብዮቱን ዘመቻ ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?" አለኝ አለቃዬ።
አውቃለሁ። ወንድሜን አልዓዛርን የወሰዱት ከዚህ ባነሰ ነው።
ደብዳቤ ሰጠኝ። "በስሌት ስሕተቴ ምክንያት..." ፈርሚ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። ከሥራ ታገድኩ። ግን አልፈረምኩም።

ታኅሣሥ 3
አባቦራ ሃያ ገበሬ አስከትለው ቢሮ መጡ። ቱቦውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው! "ጓድ፣ ይምጡና እኛ ፊት ይለኩ" አሉት። አለቃዬ የቀረ ስብሰባ ትዝ አለው። ያኔ ቲጃኒ ተነሣ። "ልኬቱ የእኔ ነው፤ ትክክል ነው። እሷም በትክክል ነው የደመረችው።" ይህን የሰማሁት ከራሱ ነው፤ ማታ ቤቴ መጥቶ አለቀሰ።

ታኅሣሥ 8
ተመለሽ ተባልኩ። ይቅርታ? የለም። ቦዩ ከምንጩ ሳይሆን ከወንዙ መታጠፊያ በላይ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራል። እንደገና ይቆፈራል። ያ ሁሉ የባከነ ጉልበት፣ ያ ሁሉ የረገፈ ቡና... ማን ይጠየቅበታል?

ጥር 20
ምረቃ። ውኃው ጣቢያው ደርሷል። አለቃዬ መድረክ ላይ ወጥቶ "ባደረግሁት ጥልቅ ጥናት..." አለ። ባደረግሁት! እኔ ከቆፋሪዎቹ መሀል ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ።
የሚያስተረጉመው በአባቦራ ነበር። እሱ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አይሰማም። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ደንገጥ ብዬ ቀና አልኩ። በኦሮምኛ እንዲህ እያሉ ነበር፦ "ይህን መሬት የለካችው ያቺ ልጅ ናት፤ አጸደ ትባላለች። ይህ ሰውዬ በስሟ ዋሽቶ ነበር። ልጆቻችሁ ይህን ይወቁ።"
ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። አለቃዬ ለራሱ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።