ጋሽ አታጥቡት እና የታጠበችው ሳንቲም

ጋሽ አታጥቡት እያልን የምንጠራቸው አባታችንና አጎታችን፣ ሰዓት ከሚጠግኑ አባታቸውና ልብስ ከሚሰፉ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። በአንዱ ክፍል የእናታቸው የስፌት መኪና፣ በሌላው የአባታቸው ሰዓቶች ሲንጫጩ ስላደጉ ይመስላል፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው አይደለም፤ የአባታቸው ዓይን ደክሞ ስለነበር አጉሊ መነጽሩን መረከብ ግድ ሆነባቸው። አንድ ቀን በዚያው መነጽር አንድ ደንበኛ ጠረጴዛ ላይ የረሳውን አሮጌ የብር ሳንቲም አዩ። ከንጉሡ አንገት ሥር የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ፊደል ነበረች፤ ሳንቲሙ በየትኛው ገንዘብ መሥሪያ ቤት እንደተሠራ የምትናገር ፊደል። ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ሰዓት የሚባል ነገር አልነኩም። አባታቸውም «ልጄን ሳንቲም በላብኝ» ይሉ ነበር አሉ።

በ1963 ዓ.ም. በጫማ ሰፊና በፎቶ ቤት መካከል የራሳቸውን የጥንት ሳንቲም ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ ማለት ወግ ነው እንጂ ሁለት ደንበኛ ከገባ እሳቸው ደጅ ቆመው ነበር የሚነጋገሩት። ሰው የአያቱን ሳንቲም በመሐረብ ቋጥሮ ይመጣና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ በጣም ያረጀ ነው!» ይላቸዋል። «ዕድሜ ብቻውን ዋጋ ቢያወጣ ድንጋይን ማን ይችለው ነበር?» ይሉና ወንበር ስበው ያስረዳሉ። ብሩ በሚዛን የሚያወጣው ዋጋ መነሻው ነው። ከዚያ በላይ የሚያስከፍለው፣ ስንት ተሠርቶ ስንት እንደቀረ፣ በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ የንጉሡ ፀጉር ገና ክር በክር ይታይ እንደሆነ ወይስ በሰው እጅ ብዛት ንጉሡ መላጣ እንደሆኑ፣ ጠርዙ እንዳልተሞረደ፣ ለአንገት ጌጥ ተብሎ እንዳልተበሳ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፈላጊ ያስፈልጋል። ፈላጊ የሌለው ብርቅ ነገር፣ ይሉ ነበር፣ መሳቢያ ከማሞቅ ያለፈ ሥራ የለውም።

በ1966 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ዕጣ ፈንታ መቼም ጨዋታ ታውቃለች፤ ያገቡት ብር በመወልወል የሚተዳደሩትን ሴት ነው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው በአንድ ትልቅ ሆቴል የማንኪያውና የትሪው ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ጋሽ አታጥቡት የሆቴሉን የግድግዳ ሰዓት ሊጠግኑ ሄደው በአንድ ትሪ ውስጥ የገዛ ፊታቸውን አዩ፤ ቀና ሲሉ ትሪውን የያዙትን አዩ። የአንድ ቀን ሥራ የነበረው ሰዓት ሳምንት ፈጀ።

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ብስክሌታቸውን ሸጠው አንዲት ሳንቲም ገዙ። እሷ ከተሠራችበት ዓመት የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ለብሳ ነበር፤ ያ ጥቁረት ብር ብዙ ዘመን ሳይነካ ሲቀመጥ የሚያወጣው ቆዳው ነው፣ ሳንቲም ሰብሳቢም አጥብቆ የሚፈልገው እሱን ነው። አንድ ሰብሳቢ ሊገዛት ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ በገንዘቡ ዋናው መንገድ ላይ ሰፊ ሱቅ ሊይዙ አስበዋል። ይህን ሁሉ ግን ለእትዬ አልነገሩም። አዲስ ሙሽራ መቼ ስለ ሳንቲም ቆዳ ያወራል!

እትዬ ታዲያ ባላቸውን ሊያስደስቱ አሰቡ። የሆቴሉን መወልወያ ቅባት አምጥተው ያቺን ሳንቲም ሲፈትጉ ዋሉ። ማታ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው «ዓይንህን ጨፍን!» አሉ። ያኔ አብራቸው ትኖር የነበረችው የጋሽ አታጥቡት ታናሽ እህት፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት፣ እንደምታስታውሰው፣ ጋሽ አታጥቡት ዓይናቸውን ገለጡ። ቀለማቸው ተለወጠ። ከዚያ «እንዲህ ታበራለች ብዬ አላሰብኩም» አሉና የባለቤታቸውን እጅ ሳሙ። ሰብሳቢው መጥቶ አንዴ አያት፣ ቀስ ብሎ አስቀመጣት፣ ሄደ። ለእትዬ ግን «ሰውዬው ሐሳቡን ለወጠ» ብለው ነገሩን ዘጉት። በጠባቧ ሱቅ እስከ መጨረሻው ሠሩ።

ከዚያን ሰሞን ጀምሮ ሳንቲም ይዞ የመጣውን ሁሉ «አታጥቡት! በእናታችሁ አታጥቡት!» እያሉ ይለምኑ ጀመር። ገበያውም ስሙን አወጣላቸው። እትዬ የሱቅ ቀልድ ነው ብለው አብረው ይስቁ ነበር።

ሁለተኛው ልጃቸው በተወለደ ዓመት ግን እትዬ ምሳ ይዘው ወደ ሱቁ ሲሄዱ፣ ባለቤታቸው ለአንዲት ሴት «የታጠበ ብር ከሚዛኑ በላይ አያወጣም፤ ቆዳው አንዴ ከሄደ ሄደ» ሲሉ ከደጅ ሰሙ። ምሳውን ወንበሩ ላይ አኑረው ተመለሱ። ማታ «አንተ! ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። «ምን ብዬ? ደስ ብሎሽ ነበር እኮ» አሏቸው፤ የሰፊውን ሱቅ ሐሳብም ያን ማታ ነገሯቸው። እትዬ ግን ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤታቸው ብር አልወለወሉም። የሆቴሉ ማንኪያ ሲያበራ የሠርጋቸው ማንኪያ እንደ ከሰል ጠቆረ። ልጆቹ ሲለምኑም፣ ጋሽ አታጥቡት ሲቀልዱም «በዚህ ቤት እጄ ብር አይነካም» ነበር መልሳቸው። ባለቤታቸው በዚያች ጠባብ በር ጎናቸውን አዙረው ሲወጡ ባዩ ቁጥር፣ ያጠበብኩበት እኔ ነኝ ይሉ ነበር። አልተቀየምኩም ቢሏቸው አላመኑም። ሳንቲሟ ግን ከጋሽ አታጥቡት የደረት ኪስ ወጥታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ጸናባቸው፤ መስኮቱ አጠገብ አልጋ ተዘረጋላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳንቲሟን ከኪሳቸው አወጡ። ከዘመን ብዛት ደብዝዛ ነበር። «ያንን ቅባትሽን አምጪና አብሪልኝ» አሉ። እትዬ «አላደርገውም» አሉ። ቀን በቀን ለመኑ፣ እትዬ ቀን በቀን እንቢ አሉ። በመጨረሻ ጋሽ አታጥቡት «ስሚኝ፤ ሳንቲም ዋጋ የሚያወጣው በፈላጊው ነው። የዚህች ፈላጊ እኔ ነኝ። ያኔ እንዳደረግሻት አድርገሽ ስጪኝ» አሉ። እትዬ ጨርቅ አመጡ። እየደጋገሙ ወለወሉ፤ ጋሽ አታጥቡትም ከእጃቸው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እትዬ ሲጨርሱ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አይተው «እንዲህ ታበራለች ብዬ አላሰብኩም» አሉ። እትዬ «ዋሾ!» ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ።

ጋሽ አታጥቡት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ እጃቸው በእትዬ እጅ እንዳለ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአራት ልጆች አያት፣ ለታናሽ እህታቸው ደግሞ እንደ አባትም ነበሩ። ሳንቲሟን እትዬ ይዘዋታል።

ትናንት እትዬ ከሐዘን ወንበራቸው ተነሥተው፣ ማንንም አላስጠጋም ብለው፣ የሠርጋቸውን ማንኪያዎች በሙሉ ሲወለውሉ ዋሉ። ከቀብር መልስ ሻይ የምታማስሉት በእነሱ ነው። እትዬን የምታጽናኑበት ቃል ቢጠፋችሁ፣ ማንኪያዎቹ ያበራሉ በሏቸው።

ፈጣሪ የጋሽ አታጥቡትን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእትዬና ለመላው ቤተሰብ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።