አጎትሽ በአባትሽ ቦታ አይቆምም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ይለግማል። የምታገቢውን ልጅ ፎቶግራፍ መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ሰክቼው ፀጉሬን ባበጠርኩ ቁጥር አየዋለሁ። ጨዋ ዓይን አለው። ለሠርጉ ወደዚህ እንደምትመጡ ስሰማ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ከደብዳቤሽ አንዱን ነገር ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። «አባዬ የለም፤ እጄን ይዞ የሚያስገባኝ አጎቴ ይሁን» ብለሻል። አይሆንም፣ ልጄ። ወንድሜ በአባትሽ ቦታ አይቆምም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አባትሽ ከሹፌርነት ወርዶ የፋብሪካው በር ጠባቂ የሆነው ዓይኑ ስለደከመ ነው ብለን ነበር የነገርንሽ። ዓይኑ ምንም አልሆነም። ያወረደው አጎትሽ ነው።

ያን ጊዜ የፋብሪካው መኪናዎች የሚጠገኑት በአጎትሽ ጋራዥ ነበር። ሹፌሮቹ «ጆሮ» ይሉታል። እጁን ኪሱ ከትቶ ሞተር ይሰማና፣ ሳይከፍት፣ ሳይጎነበስ በሽታውን ይናገራል። አባትሽ የሚነዳው የሠራተኞች አውቶቡስ ማርሽ አልገባ እያለ ያስቸግረው ጀመር። ቆሞ የኋላ ማርሽ ሊያስገባ ሲል የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ይንገጫገጫል፤ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲረግጠው ግን ጸጥ ብሎ ይገባል። ይህንኑ ለአጎትሽ ነገረው። አጎትሽም ለአንድ ደቂቃ ያህል ሞተሩን ሰማና «የፍሪሲዮኑ ሸራ ተቃጥሏል። እግርህን ፔዳሉ ላይ አስተኝተህ ስለምትነዳ ነው» አለው። በዚያው ቀን ሪፖርት ጻፈ፤ በሳምንቱ አባትሽን በር ላይ አቆሙት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እስኪያርፍ ድረስ፣ ለገዛ አውቶቡሱ በር ሲከፍት ኖረ።

አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ጫማውን እየፈታ «የፍሪሲዮኑን ፓምፕ ቀየሩት። ሸራውን አልነኩትም። ማርሹ አሁን ያለ ድምፅ ይገባል» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ዛሬም ከዚያ ነገር አልወጣህም?» አልኩት። ሁለተኛ አላነሳውም።

ፊደል የቆጠርኩት ባንቺ ደብተር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ባለፈው ክረምት የሚነበብ ነገር ባጣ የአባትሽን የሹፌሮች ማሠልጠኛ መጽሐፍ አወጣሁ። ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ስለ ፍሪሲዮን የሚናገረው ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ። ሸራ ሲያልቅ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው ጉልበት አያገኝም፤ ማርሹ ግን ይገባል ይላል። ማርሽ የሚንገጫገጨው ፍሪሲዮኑ ተረግጦም በደንብ ሳይለቅ ሲቀር ነው። ደጋግሞ መርገጥ ከረዳ ደግሞ ጥፋቱ ከሹፌሩ እግር ሳይሆን ከፓምፑ ነው፤ ወይ ዘይት ያፈሳል፣ ወይ አየር ገብቶበታል። አባትሽ የተናገረው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የሪፖርቱ ቅጂም እዚያው ገጽ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሪፖርቱ ሁለት ሳምንት በፊት ያንን ፓምፕ አሮጌ ጎሚኒ፣ ዘይት የሚይዘውን ላስቲክ፣ ከትቶ የገጠመው አጎትሽ ራሱ እንደነበረም አባትሽ ከጀርባው በእጁ ጽፎታል። በሬ ካራጁ ይውላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ እኔን ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ግን አላስቻለኝም፤ ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋራዡ ሄድኩ። አልዋሽሽም፣ ቅዳሜን የመረጥኩት ሹፌር ስለሚበዛ ነው። ስደርስ የአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ሹፌር ማርሽ አልገባ አለኝ እያለ ያማርራል።

«ሸራህ ሞቷል። እግርህ እኮ የወፍጮ ድንጋይ ነው» አለው ወንድሜ፣ እጁ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ነው።

«ሳትከፍተው?» አልኩ።

«እታለም! ምን እግር ጣለሽ? ጆሮ ያለው ሰው መፍቻ ምን ያደርግለታል?»

ሰው ሳቀ። እኔ ወደ ሹፌሩ ዞርኩ። «ልጄ፣ ፍሪሲዮኑን ሦስት ጊዜ ርገጥና የኋላ ማርሽ አስገባ።» ገባ። «አሁን የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገህ ሳበው። ሦስተኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው።» ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ጠፋ።

«ሸራው ሞቶ ቢሆን ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥል ነበር» አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከፔዳሉ ሥር፣ ጎሚኒው ጋ ሰደድኩ። ዘይት ነክቶ ወጣ። ወንድሜ አፍንጫ ሥር ያዝኩለት። «አሽትተው። በጆሮ አይሰማም ይሄ።»

«እማማ፣ እርስዎ የትኛው ጋራዥ ነው የሚሠሩት?» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ ጆሮ፣ ጆሮዎ ሰርቪስ ደርሶበታል» አለ ሌላው።

ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ። ኃጢአት ከሆነም ይሁን። ሪፖርቱን አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የማን ስም እንዳለበት፣ ማን እንደፈረመበት። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። አንብቤ ስጨርስ ግን እጁን ከኪሱ አወጣ።

«እታለም፣ አንድ መስመር ዘለልሽ» አለኝ።

ወረቀቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

«በቃሌ ልበልላችሁ? "እግሩን ከፔዳሉ ላይ እንደማያነሳ የገዛ ባለቤቱም ተናግራለች።" ይሄንንስ እኔ ነኝ ያልኩት?»

እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ወንድሜን ላስቅ ብዬ ነው። «እግሩን መች ያነሳል፤ እዚህ ተቀምጦም ወለሉን ይረግጣል» አልኩ። አባትሽም ፈገግ አለ። ሲነዳ እግሩን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ነበር የምቀመጠው። አባትሽ ያንን መስመር አንብቦታል። ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጦት፣ እራት ሳቀርብለት «እጅሽ ይባረክ» እያለ ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

ወረቀቱን አጥፌ ከጋራዡ ወጣሁ።

ትናንት ወንድሜ እኔ ቤት ድረስ መጣ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም። «ለፋብሪካው እጽፋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር ብዬ የባልሽን ስም አጠራለሁ። ለልጅቷ ግን አትንገሪያት። እኔም ያንቺን መስመር አልነግራትም። ሠርጓ ላይ ልቁም» አለ።

«እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ሐሙስ ሳይደርስ ነው ይህን የምጽፍልሽ። የእኔን ዝምታ በእሱ ዝምታ ሊገዛ ነው የመጣው፤ እኔ አልሸጥለትም። እሱ እንዲወድቅ እኔም አብሬው መውደቅ ካለብኝ፣ እንውደቅ። አባትሽን ሁለታችን ነን በር ላይ ያቆምነው፤ የእኔን አንቺ ፍረጂ። የእሱን እኔ ፈርጃለሁ።

ሪፖርቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንግዲህ እሱም የሚደብቅልኝ፣ እኔም የምፈራው ነገር የለም። ሐሙስ ሲመጣ በሩን ከፍቼ «ነግሬያታለሁ» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ትዳርሽ የሰመረ ይሁን። የምታገቢው ሰው ሲናገር የምትሰሚው፣ ስትናገሪም የሚሰማሽ ያድርግልሽ። አባትሽ ያልጠገበውን ዕድሜ አንቺ ጥገቢው። መልስ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ባትጽፊም አልቀየምሽም።

እናትሽ