ቀን ስላልተቆረጠለት የአምስት ዓመት ዕቅዴ

ለተከበሩ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት፣ ማለትም ስብሰባ ላይ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ የተቀየረው የቢሮዎ ምንጣፍ፣ ሁሉም ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔም ከመስኮት ቁጥር አራት ጀርባ፣ በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል፣ ይኸው አራት ዓመት ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን አደባባይ ያወጣሁት ልዳፈርዎ ብዬ አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁለቱ የት እንደደረሱ ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው «ሂደት ላይ ናቸው» ስላሉኝና ሂደት የሚባለው ክፍል የትኛው ፎቅ ላይ እንዳለ ፈልጌ ስላጣሁት ነው።

በቅድሚያ ለቋሚ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛነት ስለፈተኑኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የተፈተንኩበት ቦታ እኔው የተቀመጥኩበት መስኮት መሆኑ ይታወቃል፤ አራት ዓመት በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ መቀመጥ እችል እንደሆነ ማጣራትዎ ጥንቃቄዎን ያሳያል። ቋሚነቱን አጥብቄ የፈለግሁበትን ምክንያትም አልደብቅዎትም። እኔና ባለቤቴ ልጅ እንፈልጋለን። እዚህ መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ስትወልድ ፈቃድ ይሰጣታል፤ የውል ሠራተኛ ስትወልድ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሰጣታል። የመስኮት ቁጥር ሁለት ጓደኛዬ ወልዳ ስትመለስ፣ በወንበሯ የተቀመጠ ሰው «ምን ልርዳዎት?» ብሎ ተቀብሏታል። ስለዚህ እኛም «ቋሚ ስሆን፣ ቋሚ ስሆን» እያልን ስናዘገይ ኖረናል፤ እናቴ ደግሞ በመጣች ቁጥር «ልጄ፣ ማሕፀን ውል አያድስም» ትለኛለች።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በፈተናው ዕለት «እርስዎ» ብለው ስለጠሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። «አንቺ መስኮት አራት» ስባል ኖሬ በድንገት አንቱ መባሉን ስላልለመድኩት፣ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው ስፈልግ ጊዜዎን ማባከኔን ይቅር ይበሉኝ። ጠረጴዛው ላይ ለፈታኞች የተደረደረውን የታሸገ ውኃም አይቻለሁ፤ የሕንፃችን ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷልና አልፈርድም።

፪. ከዚያ «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እንደማይቀርልኝ አውቄ ከባለቤቴ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ተለማምጄበት ነበር። ባለቤቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ እርስዎን ለመምሰል የሠርጋችንን ኮት ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና፣ እኔ ስመልስ እሱ ስልኩን ይነካካል። «በእርስዎ ወንበር ላይ» ስለው «ኧረ ተይ፣ ሰውዬው ይደነግጣል» አለኝ። «እዚያው መስኮቴ ላይ» ስለው «ዕድገት የማትፈልግ ሰነፍ ትባያለሽ» አለኝ። «ሌላ ቦታ» ስለው «ታዲያ እኛ ዘንድ ምን ልታደርጊ መጣሽ ይሉሻል» አለኝ። ብወጣም ጥፋት፣ ብወርድም ጥፋት፣ ባለሁበት ብቀርም ጥፋት መሆኑን ተረድተን መብራት አጥፍተን ተኛን።

፫. በዚህ የተነሳ እርስዎ ፊት ስቀርብ ያደግሁበትን መልስ መለስኩ። በእናቴ ቤት «ነገ ገበያ እሄዳለሁ» ብሎ «እሱ ካለ» ያላለ ሰው፣ ከደጅም ቢሆን ተጠርቶ ይመለስና ይጨምርበታል። ስለዚህ «እሱ ካለ፣ በሰላም ካቆየን፣ የዛሬ አምስት ዓመት በዚሁ መሥሪያ ቤት ቋሚ ሆኜ ደንበኞችን በደስታ አገለግላለሁ» አልኩ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? «አሜን» አሉ። ባለመነጽሯ የሰው ኃይል ኃላፊም «አሜን» አሉ። ላፕቶፕ ላይ ነጥብ የሚመዘግበው ወጣት ሳይቀር፣ ጣቱን ከቁልፎቹ አንሥቶ «አሜን» አለ። የሦስታችሁ አሜን እንዲያ አምሮ ሲወጣ እኔ ሞኟ ያለፍኩ መስሎኝ ነበር። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ውጤት ግን ከስሜ ጎን «የረጅም ጊዜ ግብ፦ ግልጽ ያልሆነ፣ ቀን ያልተቆረጠለት» ይላል። ሰውን በአሜን መጣል እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

፬. ቀን አልቆረጠችም መባሌን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎ። ከመስኮቴ በውስጥ በኩል፣ ደንበኛ በማያየው አቅጣጫ፣ በእርስዎ ፊርማ የተለጠፈ ማሳሰቢያ አለ፤ «ለደንበኛ በምንም ዓይነት ቀን አይቆረጥም» ይላል። እኔም በታማኝነት «ቆጣሪው መቼ ይገባልናል?» ላለኝ ሁሉ «ነገ ይመለሱ»፣ በማግስቱ ለተመለሰውም «ነገ ይመለሱ» ስል፣ ስድቡንም ምርቃቱንም ስጠግብ ኖሬአለሁ። አንዲት እናት እንዲያውም ባዶ ጀሪካናቸውን ፊቴ አስቀምጠው «በይ እንግዲህ፣ ይህን አሳድጊልኝ» ብለውኝ ሄደዋል። ለአንድ ቧንቧ ቀን የማይቆርጥ መሥሪያ ቤት፣ የእኔን ዕድሜ በቀን ከፋፍዬ እንዳቀርብ መጠየቁ መብቱ ነው፤ ብቻ ማሳሰቢያው ለፈተናው ዕለት መነሣቱን ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ባገኝ ጥሩ ነበር።

፭. ባለመነጽሯ ኃላፊ «ለጨዋታ ያህል» ብለው ልጅ የመውለድ ሐሳብ እንዳለኝ ጠየቁኝ። እኔም «ፈጣሪ ከሰጠን ደስ ይለናል» አልኩና፣ የለመድኩትን አሜን ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ። አንድም ሰው አሜን አላለም። የላፕቶፑ ቁልፎች ብቻ ቀጭ ቀጭ ሲሉ ተሰሙ። ክቡር ሆይ፣ በዚህኛው ላይ ማላገጥ አልችልም፤ ከውጤቱም፣ ከሰሌዳውም፣ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ዝምታ ነው።

፮. ቦታውን ያገኘው ወንድማችን እንኳን ደስ ያለው። ኮሪደር ላይ እንዳወጋን፣ በመጀመሪያው ዓመት ቡድን መሪ፣ በሁለተኛው ክፍል ኃላፊ፣ በሦስተኛው ባለ ማስተርስ፣ በአራተኛው ምክትል ሥራ አስኪያጅ እንደሚሆን ተናግሮ፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ እርስዎን አየት አድርጎ በትሕትና ፈገግ ብሏል። ላም አለኝ በሰማይ ሲልዎ እርስዎ ወተቷን ቀመሱለት። ውሌ እስኪያልቅ መስኮቴ ላይ አብሬው ተቀምጬ እንዳሠለጥነው ታዘዝኩ፤ አሠለጠንኩት። በመጀመሪያው ቀን ምክሬን ትቶ ለአንድ ደንበኛ «ሐሙስ ይገባልዎታል» አላቸው። ሐሙስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ከነጀሪካኑ መጣ፤ እርስዎም በጓሮ በር መውጣትዎን ጥበቃው ነግሮናል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ተምሯል። በዚህ ውጤት ላይ ያለኝን ቅሬታ ለማስገባት እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከመስኮቱ ውጭ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነገ ተመለሺ፣ እህቴ» አለኝ። ከድምፁ እስከ አንገቱ አቀማመጥ ያሠለጠንኩት ነበርና አንድም እንከን አላገኘሁበትም።

ጎረቤቶቼ ለውኃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ውኃ መውቀጥ ነው፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይሉኛል። እኔ ግን በእርስዎ ተስፋ አልቆረጥኩም። ውሌ በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃልና፣ ውጤቴ በሌሎች ዓይን እንደገና እንዲታይልኝ፣ ይህም የሚሆንበት ቀን እንዲነገረኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ እንዲሁም የማያልቅ የታሸገ ውኃ እየተመኘሁልዎ፣
ለእርስዎ ወንበር ፈጽሞ ሥጋት ያልሆንኩት፣
የመስኮት ቁጥር አራት ነባር ጊዜያዊ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በተራ ቁጥር አምስት ላይ ስለቀረው አሜን አይጨነቁ፤ ያለ እናንተም ተሰምቷል። «ነገ ተመለሺ» በተባልኩበት ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሟም ማንንም ሳታስፈቅድ ወሩንም ሳምንቱንም ቆርጣ ነገረችኝ። የአምስት ዓመቱን ጥያቄም አሁን አጥርቼ መመለስ እችላለሁ፦ እሱ ካለ፣ ማለዳ አፀደ ሕፃናት በር ላይ ትንሽ እጅ ይዤ ራሴን አየዋለሁ፤ ከዚያ ወደ የትኛው ሥራ እንደምሄድ የእርስዎ ፊርማ ይወስናል። ብቻ ቶሎ ይፈርሙ፤ ይህኛው ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ቢሉት የሚመለስ አይደለም።