የዙሀራ ቆርቆሮ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ብርዱስ ላላ? አጎቴ ቤት እንቅልፍ ይወስድዎታል? እኔና ወንድሜ ኢብራር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ድካሙ ብቻ ነው ያልለቀቀን። ከአዲሱ ሰፈራችን ከዓለም ባንክ ኮልፌ ለመድረስ ታክሲ ስንጠብቅ ቀኑ ያልቃል።

ሰፈራችን የፈረሰ ጊዜ ቆርቆሮና ጨርቅ ስለቅም እርስዎ «ፍርስራሽ ምን ያደርግልሻል?» ብለውኝ ነበር። ሸራ ላይ አጣብቄ፣ ሰፍቼ፣ ቀለም ቀብቼ አንድ ግድግዳ የሚያህል የሥነ ጥበብ ሥራ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ኮልፌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለእይታ ቀረበ። ሰዉ ፎቶ እየተነሳበት «እንዴት ያምራል!» አለ።

በሁለተኛው ቀን የድሮ ጎረቤታችን ዙሀራ መጣች። ዞር ዞር ብላ አይታ አንዷ ቆርቆሮ ፊት ቀጥ አለች። ባሏ ጀላል፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከመሞቱ በፊት የሚያፈሰውን ጣራቸውን የዘይት ጣሳ ዘርግቶ ጠግኖት ነበር። ያቺን የተጠገነች ቦታ በጣቷ ዳበሰቻት። «ይሄ የጀላል እጅ ነው። ከየት አገኘሽው?» አለችኝ። ከፍርስራሹ እንዳነሳሁት ስነግራት «እኔም ሦስት ቀን ሙሉ አፈር ስቆፍር የነበረው እሱን ፍለጋ ነው» አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የዐውደ ርዕዩ አዘጋጅ «ሥራው ይበላሻል፣ ተይ» ቢለኝም የቆርቆሮ መቀስ ተውሼ ቆርጬ ሰጠኋት። በሻሿ ጠቅልላ፣ አመሰግናለሁ ብላኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሥራው መሐሉ ቀዳዳ ነው፤ አልደፈንኩትም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቁራጭ የማን እንደነበር ስሙን ጻፍ አድርጌ ከጎኑ እለጥፋለሁ። ግማሹን አላውቀውም፤ ሰዉ የት እንደተበተነ ማን ይነግረኛል? እጄ ዝሏል አባዬ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። የልብስ ስፌት ቤትዎ አረንጓዴ መጋረጃም እዚያው ላይ ተሰፍቷል። እርስዎንም አልጠየቅኩም። መልሺ ካሉኝ ፈትቼ በኢብራር እልክልዎታለሁ፤ እዚያው ይቆይ ካሉም ስምዎን እጽፍበታለሁ። ከተቆጡም ይቆጡኝ፤ ብቻ ዝም አይበሉኝ።

አጎቴን ጉልበቱን ይሳሙልኝ። ለሚስቱ ለሃፊዛ፣ ያን ሁሉ እንግዳ ችላ ለያዘችው፣ ሰላምታዬ ይድረሳት። ትንሿን ልጃቸውን አልፊያን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ኢብራርም እጅዎን ይስማል።

ልጅዎ ኢክላስ
ዓለም ባንክ፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.